ልጆች ይዞ የተራራ ግድብ ዳርቻንና የገጠር መንደሮችን በእግር መጎብኘት፦ ከካርታው እስከ ጭቃው

ካርታው ላይ ውሃው የመዳፌን ያህል ነበር። «ዙሪያውን ዞረን ለምሳ እንመለሳለን» ብዬ የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆቼን አስከትዬ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ወደ ተራራው ጎን ሰርጎ የገባበት ጠባብ ክንድ ጋ ደረስን። ማዶው ቅርብ ነው፤ እዚያ ያለች ላም እምቧ ስትል ይሰማናል፣ ድንጋይ ብንወረውር የሚደርስ ይመስላል። በእግር ግን ክንዱን እስከ ጫፉ ገብቶ በሌላው ወገን መውጣት ነበረብን፤ ያ ብቻ ሌላ አንድ ሰዓት በላ። እንዲህ ያለ ክንድ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ገጠመን። ሁለተኛው ላይ ትንሹ ልጄ አቋርጣለሁ ብሎ የደረቀ በመሰለው ጭቃ ላይ ሮጠና እስከ ጉልበቱ ሰጠመ። እሱን አወጣነው፤ ጫማው እዚያው ቀረ። መነሻችን ላይ የደረስነው ጨልሞ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ግድብ ያቆመውን ውሃ እንደ ሐይቅ ቆጠርኩት። ወንዝ ሲገደብ ውሃው ዋናውን ሸለቆ ብቻ አይሞላም፤ ወደ ሸለቆው የሚወርዱትን ትናንሽ ገደላገደሎች ሁሉ ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ዳርቻው እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ይሆናል፤ ለዓይን የቀረበው ለእግር ይርቃል። በዚያ ላይ ከፍታው በሰው እጅ ነው። ለመብራት፣ ለመስኖ ወይም ለመጠጥ ውሃ ሲለቀቅ ይወርዳል፤ ዝናብ ወይም የበረዶ ቅልጥ ሲገባ ይወጣል። ካርታ ላይ የሚሣለው ዳርቻ ብዙውን ጊዜ ግድቡ ሲሞላ ያለው ነው። እናንተ በምትሄዱበት ቀን የሚጠብቃችሁ ዳርቻ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱን ቤት ቁጭ ብሎ መምረጥ

ዙሪያውን ለመዞር አታቅዱ። ይህን አጥብቄ የምለው ዙር መንገድ ግማሹ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም እኩል ስለሚሆን ነው፤ ልጅ ሲደክም መውጫ የለውም። ደርሶ መልስ ግን የትም ቦታ ላይ «በቃን» ማለት ያስችላል። ለቤተሰብ የሚመቸው ከግድቡ አናት ወይም ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ፣ ዳርቻውን በስተጎን እያዩ፣ አንድ መንደር ደርሶ መመለስ ነው። ለልጅ «ሐይቁን እንዙር» ከማለት «እዚያ ጣሪያው የሚያበራው መንደር እንድረስ» ማለት ይቀላል፤ መድረሻው የሚታይ ነገር ነውና።

የሳተላይት ምስል ከፍታችሁ በመነሻና በመድረሻው መካከል ውሃው ስንት ቦታ ወደ ጎን እንደገባ ቁጠሩ። ከዚያ ኮንቱር የሚባሉትን የከፍታ መስመሮች የያዘ ካርታ ተመልከቱ። መስመሮቹ ውሃው ዳር ተጠጋግተው ከታዩ ቦታው ገደል ነው፤ ውሃውም ከዳርቻው አንድ እርምጃ ገባ ሲሉ ጥልቅ ይሆናል። ተራርቀው ከታዩ ሜዳ ነው፤ ውሃው በሚጎድልበት ወቅት ግን ያ ሜዳ የጭቃ ሰፈር ነው። ለልጆች የሚበጀው ከሁለቱም ሸሽቶ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ተዳፋቱን አግድም የሚቆርጥ የከብት ወይም የሰው መንገድ ነው።

ሰዓቱን ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቀመር ዛሬም ያገለግላል፤ በግርድፉ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ትይዛላችሁ። ይህ ግን ለብርቱ ጎልማሳ የተሰፋ ልብስ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ እኔ ውጤቱን በሁለት አባዝቼ ለምሳና ለጨዋታ አንድ ሰዓት እጨምራለሁ። ደርሶ መልሱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በድምሩ 300 ሜትር የሆነ መንገድ በቀመሩ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው፤ ለእኛ ቤት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የተጋነነ ከመሰላችሁ ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ጉንዳን ሲሻገር ቆማችሁ አልጠበቃችሁም ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ በቀመሩም አትታለሉ፤ በድምሩ ከ4 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ልጆቹ «ትንሽ ብንቀጥል ኖሮ» እያሉ ቢመለሱ ይሻላል።

ወቅቱም ይታሰብ። ዝናቡ ወይም የበረዶው ቅልጥ ካበቃ በኋላ ግድቡ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ያማረ ነው፣ ግን ዳር ለዳር የነበረው የእግር መንገድ በውሃ ሊዋጥ ይችላል። በደረቁ ወቅት መጨረሻ ውሃው ይሸሻል፤ ባዶ የቀረው ቀለበት አፈርና ጭቃ ብቻ ነው። ብመርጥ የሞላውን እመርጣለሁ፤ የተዋጠ መንገድ ከሩቅ ይታያል፣ ጭቃ ግን ካልረገጡት አይታወቅም።

ከመነሣታችሁ በፊት ግድቡን ከሚያስተዳድረው አካል ወይም በአካባቢው ከሚኖር ሰው ሦስት ነገር አጣሩ፦ በግድቡ አናት ላይ ለእግረኛ ማለፍ ይፈቀዳል? ፎቶ ማንሳትስ? ውሃው የመጠጥ ውሃ ነው? በአንዳንድ አገር ግድብን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የመጠጥ ውሃ ከሆነ ደግሞ መዋኘትም ሆነ ውሻ ማምጣት ሊከለከል ይችላል።

ልብስና ስንቅ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቆላ ላይ የሞቀው ቀን ተራራው ላይ ሹራብ ያስፈልገዋል። የጥጥ ልብስ ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ ከላብ በኋላ ያበርዳል፤ ሱፍ ወይም ለስፖርት የተሠራ ቀጭን ልብስ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ልጅ የዝናብ ልብስና ሁለት ትርፍ ካልሲ ያዙ፤ አንዱ የሚረጥበው ውሃ ውስጥ ነው፣ ሌላው ውሃ አጠገብ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አታስጀምሩ። ተረከዝ ላይ መቅላት ከታየ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ፤ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ባርኔጣ አይረሳ፤ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ደግሞ መቃጠሉ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ውሃ ከቤት ያዙ። ካለቀና ከምንጭ መቅዳት ግድ ከሆነ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ለ3 ደቂቃ ይፍላ፤ ከፍታ ላይ ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ነው ጊዜው የሚረዝመው። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃ ግን ቢፈላም አይጠጣም። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን የሚያመነጩት መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ልጅም ውሻም እንዳይነካው።

መራመዱ

ትንሹን ልጅ ፊት አስቀድሙ። ከኋላ ሲሆን ሁልጊዜ እየሮጠ ለመድረስ ይታገላል፣ ሲደርስ ሌሎቹ ዐርፈው ይነሣሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይቀጥላል። ፊት ሲሆን ግን መሪ ነው፤ እርምጃውም የሁሉ እርምጃ ይሆናል። ከመጨረሻ አንድ አዋቂ ይሁን። መንገዱ ከውሃው በላይ ተዳፋት ላይ ሲሄድ አዋቂው በውሃው በኩል፣ ልጁ በተራራው በኩል ይያዛል፤ ይህን የማላላው ሕግ አድርጌዋለሁ።

ዕረፍት በድካም ሳይሆን በሰዓት ይሁን። በየ30 ደቂቃው ቁሙ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ ይጠጡ። ልጅ «ደከመኝ» ካለ በኋላ ብታቆሙት ግማሹ ጉልበቱ ከልቅሶ ጋር ሄዷል። በአንቀልባ ወይም በትከሻ የምትሸከሙት ሕፃን ደግሞ እናንተ ሲያልባችሁ እሱ ይበርደዋል፣ አይንቀሳቀስምና። እጁንና እግሩን እየዳበሳችሁ አረጋግጡ።

የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ «6 ሰዓት ከሆነ የትም ብንሆን እንመለሳለን»። መንደሩ ከፊታችሁ እየታየም ቢሆን። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ከመጥለቂያዋ ሰዓት ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች፤ ብርሃኑ ቢቆይም ብርዱ ቶሎ ይመጣል።

ውሃው ዳር ስትደርሱ

ልጆች የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ድንጋይ መወርወርን መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ቦታውን ግን እናንተ ምረጡ፦ ጠጠር ያለው፣ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ የሚገባ፣ ከግድቡ ግንብ፣ ትርፍ ውሃ ከሚለቀቅበት ማስተንፈሻና ውሃ ከሚወሰድበት መሳቢያ የራቀ። ተንሳፋፊ ምልክት ተሰድሮ ካያችሁ ከዚያ ወዲያ ውሃው ወደ መሳቢያ ይጎተታል።

ስለ ጭቃው። ወንዝ ይዞት የመጣው ደለል ውሃው ጸጥ በሚልበት ቦታ፣ በተለይ ጅረት በሚገባባቸው ክንዶች ጫፍ፣ ይዘቅጣል። ውሃው ሲሸሽ ላዩ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ሥሩ ግን ገንፎ ነው። ልጄን የሸወደው ያ ስንጥቅ ነበር። ምርኩዝ ይዛችሁ ውጉት፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ከሰጠመ አትርገጡ። ሰው ከገባበት ሮጦ መድረስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የገባው ሰው ወደኋላ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ ወይም ይተኛ፤ ክብደቱ ሲሰፋ መስመጡ ይቆማል። እግሩን ቀስ አድርጎ እያነቃነቀ ያላቅቅ፣ በመጣበት አቅጣጫ ይመለስ። እናንተ ከጠንካራው መሬት ሳትለቁ ገመድ፣ ምርኩዝ ወይም ሹራብ አቀብሉት። ጫማው ይቅር።

ቅዝቃዜው ሌላው ወጥመድ ነው። በፀሐያማ ቀን ላዩ ለብ ያለ ነው፤ አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ ሲል ግን በረዶ ያህል ሊሆን ይችላል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ አለቀ። ለልጆች የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፦ ከወደቅህ ለመዋኘት አትታገል፣ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ ትንፋሽህ እስኪረጋጋ ጠብቅ። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ወይም በደቂቃ ተኩል ውስጥ ይበርዳል። ዋና የማይችል ልጅ ውሃ ዳር ከሆነ አዋቂ እጁን ዘርግቶ በሚይዘው ርቀት ላይ ይሁን። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፤ ጸጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ለማዳን ዘሎ መግባትም ሁለተኛ ሰው ያሳጣል፤ ባዶ ጀሪካን፣ ገመድ፣ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ወርውሩ።

በሞቃት አገሮች ሣር የበዛበት፣ የማይፈስ የግድብ ዳርቻ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ሊኖርበት ይችላል፤ ለመያዝ መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ይበቃል። በብርዳም አገሮች ደግሞ የረጋው በረዶ ላይ አትውጡ፤ ውሃው ከሥር ሲለቀቅ በረዶው ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ለምሳ የሚጋብዝ አሸዋና ድንጋይ አለው። አትቀመጡበት። ተርባይን ሲነሣ ወይም ማስተንፈሻው ሲከፈት ሰማዩ ጠርቶ እያለ ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ሳይረን ከሰማችሁ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። መንደሩ ጋ የምታገኙት የሲሚንቶ መስኖ ቦይም እንዲሁ ነው፤ ጥልቀቱ ትንሽ ይመስላል፣ ጎኑ ግን ያሟልጫል፣ የገባ ልጅ በራሱ አይወጣም።

መንደሩ

ወደ መንደር ስትጠጉ መንገዱ በሰው ማሳ መካከል ያልፋል። በድንበሩ ላይ ተሰልፋችሁ ሂዱ፤ ልጅ አቋራጭ ብሎ የሚረግጠው የአንድ ሰው አዝመራ ነው። ዝግ ሆኖ ያገኛችሁትን በር ዝጉ፣ ክፍት ያገኛችሁትን ክፍት ተዉ። ለምን ክፍት እንደተተወ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ምናልባት ከብቶቹ ውሃ የሚደርሱት በዚያ ነው።

መንገድ የመጠየቅ ጥበብ አለው። «ይህ ወደ ግድቡ ያደርሳል?» ካላችሁ ሰው እንግዳን ላለማስቀየም «አዎ» ሊላችሁ ይችላል። «ወደ ግድቡ በየት ነው?» በሉ፤ እጁ የሚጠቁመውን ታያላችሁ። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለውም አይረባም፤ የገጠር ሰው «ቅርብ ናት፣ ያቻት» ሲል በራሱ እግር ለክቶ ነው። እኔ የምጠይቀው «የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ በዚህ ይሄዳል?» ብዬ ነው። ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ገደል አያስወጣም፣ አለት አያስዘልልም፤ ልጅም ያልፍበታል። ቀጥሎ «ስንት ወንዝ እንሻገራለን?» እላለሁ። ከሁሉ የተሻለ የሚያውቁት እረኞች ናቸው፤ የጭቃውን ቦታ በስም ይነግሯችኋል። መንገድ የሚመራችሁ ሰው ካገኛችሁ ክፍያውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ።

ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፦ ብዙ ግድቦች ሲሠሩ ከሸለቆው የተነሡ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ከላይ የምታዩት መንደር ከታች የወጣ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ኢጣሊያ ሬዚያ የሚባለው የግድብ ሐይቅ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ሲሞላ የግራውንን መንደር ዋጠው፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ብቻ ዛሬም ከውሃው መካከል ቆሞ ይታያል። ስለዚህ አረጋዊ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ ቶሎ «ሐይቃችሁ እንዴት ያምራል» አትበሉ። «ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና አድምጡ። ልጆቼ ከዚያ ጉዞ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለ ተራራው አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ወደ ውሃው እየጠቆሙ «የእናቴ ቤት እዚያ ነበር» ስላሏቸው ነው።

ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል፤ ልጆችን ከሆነ ወላጅ ይጠየቃል። ለመንደሩ ልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እየተከተሉ እንዲለምኑ ታስተምሯቸዋላችሁ። አብሮ ኳስ መጫወት ይበልጣል። መንደሩ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ካለ ግዙ።

መጸዳዳት ካስፈለገ ከውሃውና ከመንገዱ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ መልሳችሁ ክደኑ። ያ ውሃ የአንድ ሰው መጠጥ ነው። የሕፃን ዳይፐር ግን አይቀበርም፤ በላስቲክ ታስሮ ከእናንተ ጋር ይመለሳል።

ከብት የሚጠብቅ ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ልጁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ዓይኑን ሳታፈጡበት ቀስ ብላችሁ ከመንጋው ራቁ። የሚጠብቀው መንጋውን ነው፤ ከመንጋው ስትርቁ ሥራው ያልቃል። በላምና በጥጃዋ መካከል ደግሞ አትግቡ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ድረሱ። ጭረት ብቻ ቢመስልም።

ሰማዩ ሲለወጥ፣ ሰው ሲጠፋ

በተራራ ላይ ደመና አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይከማቻል፤ በማለዳ መነሣት ግማሹን ችግር ያስቀራል። መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ ከውሃው ዳር፣ ከግድቡ አናትና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ቦታው ከ2500 ሜትር በላይ ከሆነ የልጅን ባሕርይ አስተውሉ። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይነግራችሁም፤ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል። ይህ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት። ከጠፋ አንድ ቦታ ይቁም፣ አይፈልጋችሁ፤ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ይንፋ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቅ፣ ይድገም። የተራራ ሰዎች የሚያውቁት የችግር ምልክት ነው፤ መልሱ በደቂቃ 3 ነው። ቤት ስታለማምዷቸው ጎረቤት ይማረራል፤ ይቻሉት።

መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መዥገር ፈልጉ፦ ከጉልበት በስተጀርባ፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር። ካገኛችሁ በጠባብ መቆንጠጫ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከዚያ ሳትረሱ የዕለቱን ርቀትና የፈጀውን ሰዓት ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ከሦስት አራት ጉዞ በኋላ ከናይስሚዝ ቀመር የተሻለ የራሳችሁ ቀመር ይኖራችኋል። የትንሹ ልጄ 1 ኪሎ ሜትር በ32 ደቂቃ ነው፤ ጫማው ካልጠፋ።